ቡፌው አይቀባ፣ ቁም ሳጥኑ ይቀባ፣ አልጋው ግን ከቤት ይውጣ

«ጤና ይስጥልኝ። ካገባሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ከባለቤቴና ከዘጠኝ ወር ልጃችን ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነው የምንኖረው። በቅርቡ አንዲት ጎረቤታችን ጠቅልላ ወደ ውጭ ስትሄድ ሦስት ዕቃ በርካሽ ሸጠችልን። አንዱ ከባድ የእንጨት ቡፌ ነው። ቫርኒሹ ተላልጧል፣ አናቱ ላይም ብርጭቆ የተቀመጠበት ነጫጭ ክብ ምልክት አለ። ሁለተኛው ባለ ሁለት በር የቺፕውድ ቁም ሳጥን ነው። የታችኛው ጠርዙ ውሃ ጠጥቶ አብጧል። ሦስተኛው የልጅ የብረት አልጋ ነው። ቢጫ ቀለሙ ተሰነጣጥቆ ከሥሩ አረንጓዴ ይታያል። አንድ ቀለም ቀቢ ‹ሦስቱንም ነጭ አደርግልሻለሁ› ብሎ የጠራው ዋጋ ዕቃዎቹን ከገዛንበት ይበልጣል። ባለቤቴ ‹አሮጌ ዕቃ ላይ ብር አናፍስስ› ይላል። እኔ ግን ራሴ ብቀባቸው ደስ ይለኛል። አከራያችን ግድግዳ አስቀብተው የተረፈ ግማሽ ጋሎን ቀለም ሰጥተውኛል። በእሱ መቀባት እችላለሁ? ከየት ልጀምር? ቡፌውና ቁም ሳጥኑ አንድ ክፍል ውስጥ ስለሚቀመጡ ቀለማቸው ቢለያይ ያስጠላል?»

አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ ሁሉንም በየተራ እመልስልሻለሁ። አልጋውን ግን ላስቀድም። ልጅሽ እሱ ላይ እየተኛች ከሆነ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ሌላ ቦታ አንጥፊላት። አልጋውን አትቀቢው። ለመፈግፈግም አትሞክሪ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ድሮ በዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ይጨመር ነበር። ቀለሙን ያደምቀዋል፣ ቶሎ ያደርቀዋል፣ ዝገትም ይከላከላል። በተለይ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ ቀለም ላይ ይበዛል። ያንቺ አልጋ ደግሞ ላዩ ቢጫ፣ ሥሩ አረንጓዴ ነው። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚገኘውን እርሳስ የሚገድብ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ጣሪያውም ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ ነው። ከዚያ በፊት በተቀባ አሮጌ ብረት ላይ ምን ያህል እርሳስ እንዳለ ዓይቶ የሚለይ ሰው የለም። የዓለም ጤና ድርጅት «ይህን ያህሉ አይጎዳም» የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ነው የሚናገረው። ጉዳቱ የሚያርፈው በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ ነው። ከደረሰ በኋላም የሚመለስ አይደለም።

የዘጠኝ ወር ልጅ ምን እንደምትሠራ አንቺ ታውቂያለሽ። ጥርሷ እየወጣ ነው። የአልጋውን ብረት ይዛ ትቆማለች፣ ከዚያ ድዷን ታሽበታለች። የረገፈ ቅርፊት ካገኘች ቀጥታ ወደ አፏ ነው። እርሳስ ያለበት ቀለም ደግሞ ጣፈጥ ስለሚል አትተፋውም።

«ከላዩ አዲስ ቀለም ብደርብበትስ?» ትዪ ይሆናል። የተሰነጠቀ ቀለም ላይ የተደረበ ቀለም ከነሥሩ ይላጣል። በብርጭቆ ወረቀት ብትፈገፍጊው አቧራው ቤቱን ይሞላዋል። ብየዳ ቤት ወስደሽ በእሳት ብታስለቅቂው ጭሱ ከአቧራውም ይብሳል። ስለዚህ አልጋው ከቤት ይውጣ። አደራ፣ ልጅ ላላት ሌላ ሴትም አትሸጪው፣ አትስጪውም። ቀለሙ እየረገፈ ከነበረ ወለሉን በደረቁ አትጥረጊ። በኦሞ ውሃ በራሰ ጨርቅ ወልውይና ጨርቁን ጣይው። የልጅሽን እጅ ከምግብ በፊት እጠቢያት። ብረቱን ስትነክስ አይተሻት ከሆነ ለዘጠኝ ወር ክትባቷ ስትሄዱ ሳትረሺ ለባለሙያው ንገሪ። እርሳስ በደም ምርመራ ይታወቃል።

ሌላ አልጋ ስትገዢ ደግሞ ማስመሪያ ይዘሽ ሂጂ። በፍርግርጉ ዘንጎች መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሳንቲም መብለጥ የለበትም። ከበለጠ የሕፃን ገላ ሾልኮ ጭንቅላት ሊያዝ ይችላል። በዚህ በአልጋው ነገር ባለቤትሽ ልክ ነው፤ ብር አይፈስበትም።

ወደ ቡፌው እንሂድ። «ከባድ» ማለትሽ ተስፋ ሰጥቶኛል። አንዱን መሳቢያ አውጥተሽ የፊቱን ጣውላ ጠርዝ በደንብ እይው። ፊቱ ላይ ያለው የእንጨት መስመር ጠርዙን ዞሮ ከቀጠለ ድፍን እንጨት ነው። ጠርዙ ላይ ስስ ስስ ንብርብር ካየሽ ፕላይውድ ነው። የተጨመቀ ፍርፋሪ ካየሽ ቺፕውድ ነው። ከዚያ የመሳቢያውን ጀርባ ተመልከቺ። እዚያ ቫርኒሽ ስለማይደርስ የእንጨቱ የራሱ መልክ ይታያል። ቀላ ያለ ቡኒ ከሆነና ጉልህ መስመር ካለው ዋንዛ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በየቤቱ ካሉት የድሮ ቡፌዎች ከዋንዛ የተሠሩት ብዙ ናቸው። እርግጠኛ ለመሆን በሰፈርሽ ያለ አናጺ አሳዪው፤ በአንድ እይታ ይነግርሻል።

ድፍን ዋንዛ ከሆነ እባክሽ ነጭ ቀለም አታስቀቢው። ይህን የምለው ከልቤ ነው። ዋንዛ ዛሬ እንደልብ የሚገኝ እንጨት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው አራት ዛፎች አንዱ ነው። ሦስቱ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ ናቸው። ተመሳሳይ ቡፌ አዲስ ላሠራ ብትዪ የሚጠየቀውን ዋጋ አናጺውን ጠይቂውና ለባለቤትሽ ንገሪው። ነጭ ቀለም አንዴ የእንጨቱ ቀዳዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ጠርጎ ማውጣት ሌላ ትልቅ ሥራ ነው። የሚያስፈልገው መታደስ ብቻ ነው፤ እሱም ከመቀባት ይረክሳል።

ነጫጮቹ ክቦች አያስጨንቁሽ። ነጭ ክብ ማለት እርጥበቱ ቫርኒሹ ውስጥ ቀርቷል እንጂ እንጨቱ ጋ አልደረሰም ማለት ነው። ማታ ቫዝሊን ወፈር አድርገሽ ቀቢበትና ጠዋት በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊው። ብዙ ጊዜ ይለቃል፤ ባይለቅ ድገሚው። ጥቁር ክብ ቢሆን ኖሮ ውሃው እንጨቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነበር። እሱ በመፈግፈግ ካልሆነ አይለቅም።

ከዚያ ቡፌውን በጥቂት ላርጎና በተጨመቀ ጨርቅ ጠርገሽ አንድ ቀን ይድረቅ። ቫርኒሹ በጣም የተላጠበትን ቦታ፣ ምናልባትም አናቱን በሙሉ፣ በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት እሺው። ቀጥሎ በ180፣ መጨረሻ በ220። ሁልጊዜ የእንጨቱን መስመር ተከትለሽ። ወደ ጎን ያሸሽው ጭረት ቫርኒሽ ሲነካው ጎልቶ ይወጣል። ጎኖቹ ደህና ከሆኑ ብልጭታቸውን በ220 ማጥፋት ይበቃል። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ። የመጀመሪያውን እጅ ቫርኒሽ አንድ አስረኛ ቲነር ጨምረሽ አቅጥኚው፤ እንጨቱ እንዲጠጣው ነው። ሲደርቅ በ320 ቀለል አድርገሽ እሺና ሁለተኛውን እጅ ሳታቀጥኚ ቀቢ። ብሩሹን አንዴ ካሳለፍሽ በኋላ መድረቅ የጀመረ ቦታ ላይ አትመለሺ።

ቫርኒሽ ሳይሆን ዘይት እንድትቀቢ የሚመክሩሽ ሰዎች ይኖራሉ። የተልባ ዘይት በእርግጥ እንጨት ላይ ይደርቃል፤ ያልፈላው ግን ቀናት ይፈልጋል። የምግብ ዘይት ግን እንዳትሞክሪ፤ ሳይደርቅ ይቆይና አቧራ እየያዘ ይጣበቃል። ተልባ ከመረጥሽ ዘይቱን የጠረግሽበትን ጨርቅ ጨምድደሽ ጥግ ላይ አትጣይ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል። የታጨቀ ጨርቅ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውሃ ውስጥ ንከሪው፤ ወይም ውጭ ላይ ዘርግተሽ አድርቂው።

ቡፌው ድፍን እንጨት ካልሆነ ግን ስለ ቁም ሳጥኑ የምነግርሽን ሁሉ እሱም ላይ መሥራት ትችያለሽ።

አሁን ቁም ሳጥኑ። ያለሽን ብርና ጉልበት በሙሉ እዚህ ላይ አውይው። ቺፕውድ ቀለም የሚያምርበት፣ ያለ ቀለም ግን ምንም መልክ የሌለው ዕቃ ነው። ራስሽ ብትቀቢው ደስ ይለኛል። ሥራው ግን አብዛኛው ከቀለሙ በፊት ነው። ቀለም ቀቢዎች ሰዓት ለማትረፍ የሚዘሉትም ይህንኑ ነው።

ባዶውን ሳለ በባትሪ ማዕዘኖቹን፣ የብሎን ቀዳዳዎቹንና የጀርባውን ስንጥቅ እዪ። ትኋን ካለ ጥቋቁር ነጠብጣብ ታያለሽ። ይህ ሳይጣራ ልብስ እንዳታስገቢ። ከዚያ በካቻቢቴ በሮቹንና እጀታዎቹን ፍቺ። እያንዳንዱ በር ከየትኛው ወገን እንደወጣ ማጠፊያው ሥር በመጻፊያ እርሳስ ጻፊበት። ብሎኖቹን አንድ ስኒ ውስጥ አስቀምጪ።

እጠቢው። ሙቅ ውሃ፣ ኦሞ፣ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ። በተለይ እጀታው አካባቢ የብዙ ዓመት የእጅ ቅባት አለ፤ ቅባት ላይ ደግሞ የትኛውም ቀለም አይዝም። ስፖንጁን ግን በደንብ ጭመቂው። ቺፕውድ በተከፈተ ጠርዝ ውሃ ካገኘ እንደተነከረ ዳቦ ያብጣል፤ የታችኛውን ጠርዝ ያበላሸውም ይኸው ነው። ያበጠ ቺፕውድ ወደ ነበረበት አይመለስም። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቂና የወጣውን በ80 ቁጥር ወረቀት አስተካክለሽ ፈግፍጊው። ነጭ የእንጨት ኮላ በጥቂት ውሃ አቅጥነሽ የተፈረፈረው ቦታ ላይ ቀቢ። ኮላው ፍርፋሪውን አጥብቆ ይይዘዋል። ሲደርቅ በእንጨት ስቱኮ ሙዪውና በ180 አስተካክዪው። የግድግዳ ስቱኮ አትጠቀሚ፤ በር በተዘጋ ቁጥር ይረግፋል።

የላላ ማጠፊያ ካለ ቀዳዳው ሰፍቶ ነው። ሁለት ሦስት ስቴኪኒ ኮላ ነክረሽ ቀዳዳው ውስጥ ክተቺና ጫፉን ቁረጪው። በማግስቱ ብሎኑን መልሰሽ ስታጠብቂው ይነክሳል።

ቀጥሎ ዋናው ነገር። ይህ ዓይነት ቁም ሳጥን ላዩ ላይ የተለጠፈ የሚያንሸራትት ንጣፍ አለው። ቀለም እዚያ ላይ የሚይዝበት ጭረት ይፈልጋል። በ180 ወይም በ220 ወረቀት ሁሉንም ገጽ ብልጭታው እስኪጠፋ እሺው። ንጣፉን መጨረስ የለብሽም። መስኮት አጠገብ አቁመሽ ከጎን ስታይው ከመብራት የሚያብለጨልጭ ቦታ ካልቀረ በቃ። አፍና አፍንጫሽን በማስክ ሸፍኚ።

በዚያ ላይ ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙ እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባው። ቀለም ሱቁን «ለፎርማይካ ወይም ለሚያንሸራትት ነገር የሚይዝ ፕራይመር» ብለሽ ጠይቂ። ብዙውን ጊዜ የዘይቱ ይሻላል። መላውን ከመቀባትሽ በፊት የበሩ ውስጠኛ ጎን ላይ የመዳፍ ስፋት ያህል ቀቢና ሁለት ቀን ተዪው። ከዚያ በምላጭ ትንንሽ መስቀለኛ ጭረት አድርጊበት፣ ፕላስተር ለጥፊና በአንዴ ላጪው። ፕላስተሩ ንጹሕ ከወጣ ቀጥዪ። ቀለም ይዞ ከወጣ ገና አልታሸም ወይም ቅባት አለበት፤ ወደ ማጠቡ ተመለሺ። ይህች ፈተና አንድ ሳምንት ልፋትሽን ታተርፍልሻለች።

የግድግዳውን ቀለም በተመለከተ፣ ለበሩና ለጎኑ አይሆንም። የግድግዳ ቀለም ለስላሳ ነው። በጨርቅ ስትወለውዪው ይለቃል፤ በሩ ከተዘጋ በኋላም ከጠርዙ ጋር ተጣብቆ ስትከፍቺው ይላጣል። ከጀርባ ያለውን ስስ ጣውላ ውስጡን ልትቀቢበት ትችያለሽ። እዚያ ማንም አይነካውም፤ የቁም ሳጥኑም ውስጥ ብሩህ ይሆናል።

ለፊቱ ከቻልሽ በውሃ የሚቀጥን፣ ለእንጨትና ለብረት የሚሆን ቀለም ፈልጊ። ሕፃን ላለበት ቤት ሽታው ቀላል ነው፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥም ይደርቃል። ካላገኘሽ የዘይቱን ግዢ። ጠንካራ ነው፤ ግን ሁለተኛውን እጅ ለመደረብ 24 ሰዓት ጠብቂ። ነጭ የዘይት ቀለም ብርሃን በማይደርስበት ቦታ እየቆየ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ የዘይት ከሆነ ከነጩ ይልቅ ክሬም ምረጪ። ወደ ሱቁ ስትሄጂ እርሳስ የሌለበት መሆኑን ቆርቆሮው ላይ አንብቢ።

መጠኑን አስልተሽ ሂጂ። ቁም ሳጥንሽ 1.80 ሜትር ቁመት፣ 1.20 ወርድና 50 ሳንቲም ጥልቀት አለው እንበል። ፊቱ፣ ሁለቱ ጎኖቹና አናቱ ተደምረው 4.5 ካሬ ሜትር ገደማ ናቸው። ሁለት እጅ ሲቀባ 9 ካሬ ይመጣል። አንድ ሊትር ደግሞ አንድ እጅ ከ10 እስከ 12 ካሬ ይሸፍናል። ስለዚህ አንድ ሊትር ቀለምና ግማሽ ሊትር ፕራይመር ይበቁሻል። ጋሎን ግዢ ቢሉሽ እሺ አትበዪ። ከዚያ ሌላ ትንሽ የስፖንጅ ሩሎ፣ አንድ ደህና ብሩሽና የብርጭቆ ወረቀት ነው። ርካሽ ብሩሽ ፀጉሩን ቀለሙ ላይ ስለሚተው እዚህ ላይ አትቆጥቢ።

ማዕዘኑን በብሩሽ፣ ሰፊውን ገጽ በሩሎ ቀቢ። ስስ አድርጊው። የመጀመሪያው እጅ ሲደርቅ ዥንጉርጉር ሆኖ ይታያል፤ አትደንግጪ፤ አወፍራለሁ ብለሽም አትደርቢበት። ወፍራም ቀለም ይንጠባጠባል፣ ላዩ ደርቆ ውስጡ ይቀራል። ሁለተኛው እጅ ይሞላዋል። በመካከሉ በ240 ቀለል አድርገሽ እሺ። አሁን ክረምት ከሆነ ደግሞ የጠቀስኩትን ሰዓት እጥፍ አድርጊው፤ እርጥብ አየር ላይ ቀለም ይዘገያል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

በሮቹን ግቢ አውርደሽ ጥላ ቦታ ቀቢያቸው፤ ቀጥታ ፀሐይ ላይ ቀለሙ አረፋ ይሠራል። ትልቁ አካል ክፍል ውስጥ መቅረቱ ስለማይቀር ልጅሽ ለሁለት ሦስት ቀን አያቷ ቤት ወይም ሌላ ዘመድ ጋ ትደር፤ መስኮቱም ክፍት ይሁን። ቲነርና ቀለም እሷ በማትደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ተቀብቶ ሲያልቅ በእጅ ሲነኩት የደረቀ ይመስላል፤ ሙሉ ለሙሉ የሚጠነክረው ግን ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ በሮቹን ገርበብ አድርገሽ ተዪያቸው፤ አናቱ ላይም ሻንጣ አትጫኚ።

የቀለማቸው መለያየት ያስጠላል ወይ ላልሽው፣ አያስጠላም። ቡኒ እንጨትና ክሬም አንድ ክፍል ውስጥ በጣም ይስማማሉ። ሁለቱም ነጭ ቢሆኑ ኖሮ ክፍሉ ባዶ ይመስልሽ ነበር። ለማስተሳሰር ከፈለግሽ የሁለቱንም እጀታ አንድ ዓይነት አድርጊ፤ ከቀለሙ ቀጥሎ መልካቸውን የሚቀይረው እሱ ነው። ከመግዛትሽ በፊት በሁለቱ የብሎን ቀዳዳዎች መሐል ያለውን ርቀት ለኪ። አብዛኛው እጀታ 9.6 ወይም 12.8 ሳንቲም ነው። ካልገጠመ አሮጌውን ቀዳዳ በስቱኮ ደፍነሽ አዲስ መብሳት ይኖርብሻል፤ እሱም ከመቀባትሽ በፊት ማለቅ አለበት። ስለዚህ እጀታውን ከቀለሙ አስቀድመሽ ግዢ፣ አሮጌውንም ለናሙና ይዘሽ ሂጂ።